እንግዳው የት ይቀመጣል?

የቤቴን ግድግዳ መሬት ላይ በአመድ አሰመርኩ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር። በሩ ጋ ስደርስ አመዱን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘለልኩት። አልጋዬ በሚሆንበት ጥግ ሰሌን አነጠፍኩ። ጠረጴዛ እንዲሆነኝ የቢራ ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥኩ። ከዚያ በርጩማ ይዤ ገባሁና ተቀመጥኩ።

ነሐሴ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ለግማሽ ቀን ጋብ ብሏል። እማዬ ከማዕድ ቤት ወጥታ ትንሽ አየችኝና ተመለሰች። ቆይታ ቡና ይዛ መጣች። ግድግዳውን አልረገጠችም፤ ዞራ በበሩ ገባች። ጎረቤታችን እትዬም ነጠላዋን ሰብስባ፣ እሷም በበሩ፣ ተከትላት ገባች። ያቺ ነገራቸው እስከ ዛሬ ደስ ትለኛለች። ገና አመድ የሆነውን ቤቴን ቤት አሉት።

ሁለቱም ቆመው ቀሩ። የሚቀመጡበት የለም።

«ደስ ይላል» አለች እማዬ ዙሪያውን ቃኝታ። «እንግዳው የት ይቀመጣል?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ቤቴን የሠሩት አናጢው፣ ግንበኛውና ጎረቤቱ ናቸው። ንድፉን ያወጣችው ግን ያቺ ጥያቄ ናት።

አዲስ አበባ 9 ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። በ9 ዓመት 5 ቤት ቀያይሬያለሁ። ሁሉም ሰርቪስ ነበሩ። ሰርቪስ የኖረ ሰው ያውቀዋል። አልጋው ከበሩ ጋር ይጋጫል። ቡታጋዙ ከልብሱ አጠገብ ነው። ሽንኩርት የተቁላላ ቀን ብርድ ልብሱ ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ስለዚህ ትንሽ ቤት ለእኔ ብርቅ አልነበረም። ብርቄ በልክ የተሠራ ትንሽ ቤት ነው። ሰርቪስ የሚጠበው ለተከራይዋ ታስቦ አይደለም። ከግቢው የተረፈችው መሬት ያቺው ስለሆነች ነው። እኔ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ታስቦባት የተሠራች ቤት ፈለግሁ።

በዚያ ዓመት ሥራዬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ርቀቱ ምንም አይደል፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር ያስመስለዋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀን በብርድ ልብስ ፋብሪካችን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ከእማዬ ጋር አንድ ቤት መኖር እችል ነበር። እሷም ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን 35 ዓመቴ ነው፤ የራሴ በር ፈለግሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ጎጆ መውጣት ማለት ማግባት ነው። ቤት የምትሠራ ሴት ሲያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሰርጉ ነው። ግንበኛው ድንጋይ ሲያወርድ ያየ ጎረቤት ሁሉ «ለመቼ ነው?» አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። አንድ ቀን እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ መለሰችልኝ። «ልጄ ቤት እየሠራች ነው። ሰው ቤት የሚሠራው ሊኖርበት ነው።» ከዚያ ወዲህ ጠያቂው ቀነሰ።

ስለ ፈቃዱ ብዙ አልጽፍም። ግቢው በእማዬ ስም ካርታ አለው። መሬቱ ግን የመንግሥት ነው፤ የእኛ የመጠቀም መብቱ ነው። አንዲት ክፍል ለመጨመርም ፈቃድ ያስፈልጋል። 3 ወር ተመላልሼ አገኘሁት። ለሚያስቡበት አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ወረቀቱ እጃችሁ ሳይገባ አንድ መኪና ድንጋይ እንኳ እንዳታስወርዱ።

ማታ ማታ ስልኬ ላይ የአሜሪካኖቹን ትንንሽ ቤቶች አያለሁ። ብዙዎቹ ጎማ ላይ የቆሙ ናቸው። መጀመሪያ ለጉዞ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ሌላም ምክንያት አለው። በብዙ ከተሞቻቸው መኖሪያ ቤት ከዚህ ካሬ በታች መሆን የለበትም የሚል ደንብ ነበረ፤ አሁንም ያለበት ቦታ አለ። ጎማ ላይ ሲወጣ ግን እንደ ተጎታች ነው የሚታየው። ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ የሚቆመውም አውራ ጎዳናው ያለ ልዩ ፈቃድ ከዚያ የሰፋ ስለማያሳልፍ ነው። መንገዱ ነው ቤታቸውን የለካው። የ2018 እ.ኤ.አ. እትም የሚባለው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮዳቸው ደግሞ ትንሽ ቤት ብሎ የለየው እስከ 37 ካሬ ሜትር ያለውን ነው። ይህን ሳነብ ተነስቼ የእማዬን ቤት በሜትር ለካሁ። 42 ካሬ ሆነ። አራት ልጆች ያደግነው እዚያ ውስጥ ነው።

ከእነዚያ ቤቶች ብዙ ተምሬያለሁ። መሰላሉ ሥር መሳቢያ ይሠራሉ። ጠረጴዛው ታጥፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እያንዳንዱ ስንጥቅ ሥራ አለው። እጃቸው ይባረክ። አንድ ነገር ግን ብፈልግ አጣሁ። ቀብር ውሎ የሚመለስ ሰው። ማኅበርተኛ። ቅዳሜ ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» ብላ የምትዘልቅ ጎረቤት። ቤቶቹ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ተቆርጠው የተሰፉ ናቸው። ለእነሱ ኑሮ ልክ ይሆናል። እኔ ግን በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ቆመውብኛል።

ደብተር ያዝኩ። 3 ሳምንት ሙሉ ሁለት ነገር ጻፍኩ። እኔ በቀን የት የት እንደምቀመጥ፣ ወደ ግቢያችን የመጣ ሰው ደግሞ የት እንደተቀመጠ። የራሴ ቶሎ ግልጽ ሆነ። ቤት ውስጥ ነቅቼ የምቆየው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የቀረው እንቅልፍ ነው። የሚገርመው የእንግዳው ነበር። በ3 ሳምንት 61 ሰው የግቢውን በር አንኳኳ። ሳሎን ገብቶ የተቀመጠው 14 ነው። ሌላውስ? ሌላው «አልገባም፣ ቸኩያለሁ» ያለ ነው። እንዲህ ብሎ በሩ ላይ ይቆማል። ሳይገባ አንድ ሰዓት ይጫወታል። እትዬ አንድ ቀን «ቸኩያለሁ» ብላ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥታ ሄዳለች፤ የመቃኑን እንጨት ተደግፋ።

ያን ሳይ እንግዳው የት እንደሚቀመጥ ገባኝ። ታዛው ላይ ነው።

ታዛ ለሚረሳው ላስታውስ። ከክፈፉ ሥር ያለው ቦታ ነው። ቤት አይባልም፣ ደጅም አይባልም። ዝናብ የያዘው መንገደኛ የሚጠጋው እዚያ ነው። ሰው ቤት ሳይገባ፣ ባለቤቱንም ሳያስቸግር፣ አብሮ የሚሆንበት ቦታ ነው። እኔ ስለ ትንሽ ቤት ሳስብ የኖርኩት ስለ ውስጡ ብቻ ነበር። ቤት ሲያንስ ግን ደጁም አብሮ መነደፍ አለበት። ክፍሉን ለራሴ ልክ አደርጋለሁ፤ ለሰው የሚሆነውን ከክፈፉ ሥር አበጃለሁ።

ንድፉን ቀየርኩ። ቤቱ ያው 20 ካሬ። ጣሪያው ግን በአንድ በኩል 1 ሜትር ከ80 ወደ ፊት ይወጣል፤ በአራት አጠና ይደገፋል። 9 ካሬ ታዛ አገኘሁ። የቤቱን ግማሽ ሊያክል ምንም አልቀረው።

ንድፉን ለአናጢያችን አሳየሁት። ጋሼ ነው የምለው፤ የእማዬን ቤትም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ባለ ካሬ ደብተሬን ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በጣታቸው መስመሩን ነኩት።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ውፍረት የለውም?»

እውነት ነው። ግድግዳውን እንደ መስመር ነበር የሣልኩት። የጭቃ ግድግዳ ከነምርጊቱ ከነልስኑ 20 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ከአራቱም ጎን ሲቀነስ 5 በ4 ያልኩት ቤት ውስጡ 4 ሜትር ከ60 በ3 ሜትር ከ60 ሆነ። 16 ካሬ ተኩል። 3 ካሬ ተኩል ግድግዳ በላው። በትልቅ ቤት ይህ ነገር አይታወቅም። በ20 ካሬ ግን አንድ አልጋና መተላለፊያው ማለት ነው። ቁም ሣጥኔ የጠፋው በዚያ ቀን ነው። ከውስጥ ጀምራችሁ ለኩ፤ ፍራሹን፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ በሩ ሲከፈት የሚጠርገውን መሬት። ግድግዳውን በመጨረሻ ከዚያ ውጭ አቁሙት።

ታዛው ወዴት ይዙር የሚለውን ፀሐይ ወሰነችልኝ። በእኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አንድ መንገድ አትሄድም። በሰኔ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የምትወጣውም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ሸሽታ ነው። እኛ ፀሐይ የምንለምነው በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ታዛው ወደ ደቡብ ዞረ። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከክፈፉ ሥር ሾልካ እስከ ግድግዳው ትደርሳለች። ቀትር ላይ ከፍ ስትል ግድግዳው ጥላ ይሆናል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የእማዬ ድመት በወሩ ሁሉ የት እንደምትተኛ አይቼ ነው። በኋላ ስሌቱን ስሠራው ከድመቷ ጋር ተስማማ።

እንጨቱ የአባዬ ነው።

አባዬ ከመሞቱ ከብዙ ዓመት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች ቁራጭ መሬት ባህር ዛፍ ተክሎ ነበር። ባህር ዛፍ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው ስሙም። መነሻው አውስትራሊያ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ አፈር ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነት አለው። የደጋ ሰው ግን ቤቱን ያቆመው፣ እንጀራውን የጋገረው በእሱ ነው። አባዬ «ለቤት ይሆናችኋል» ይል ነበር። ለማን ቤት እንደሆነ አላለም።

ኅዳር ላይ 70 ገደማ ቋሚ ቆረጥን። ልጡ በዚያው ቀን መላጥ አለበት፤ ካደረ እንጨቱ ላይ ይጣበቃል። ሁለት የአጎቴ ልጆችና እኔ እስኪመሽ ስንልጥ ዋልን። እጄ ለሳምንት ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ሸተተ። የተላጠው እንጨት በጨረቃ ብርሃን ነጭ ሆኖ ሲታይ ትዝ ይለኛል፤ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድረን፣ እርጥብና ለስላሳ። በማግስቱ ሥራ ለመጀመር ቸኩዬ ነበር። ጋሼ አልፈቀዱም።

«እርጥብ እንጨት ሐሜተኛ ነው» አሉኝ። «ፊትሽ ቀጥ ይላል፤ ዞር ስትዪ ይጣመማል።»

እስከ ጥር ጥላ ሥር ደረቀ።

መሠረቱ ላይ አልሰሰትኩም። ገንዘብ ሲያጥር ሰው የሚቆርጠው ከማይታየው ነው፤ እኔ ግን ያለኝን አብዛኛውን ድንጋይና ጣሪያ ላይ አዋልኩት። ምክንያቱ ይህ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቋሚ የሚበሰብሰው ከሥሩ ወይም ከላዩ አይደለም። ልክ መሬቱ ከንፈር ላይ ነው፤ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት። የድሮው የእማዬ ማዕድ ቤት ሲፈርስ ቋሚዎቹን አይቻለሁ። ከላይ ደህና፣ ከታች ደህና፣ መካከሉ ላይ እንደ እርሳስ የሾሉ። ስለዚህ 50 ሴንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ተገነባ። ቋሚዎቹ ጫፋቸው በእሳት ተለብልቦ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ እዚያ ግንብ ውስጥ ቆሙ። ከፍታው ለሌላም ይጠቅማል። ዝናብ መሬት መትቶ ሲፈናጠር ጭቃውን አያገኘውም፤ ድንጋዩን ነው የሚመታው። ከእኛ ወደ ሰሜን፣ መንዝ፣ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው። አቅም ቢኖረኝ እንደ እነሱ ባደረግሁ ነበር።

ጣሪያው ከጭቃው በፊት ይወጣል። ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩ አያታልላችሁ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ባለ 35 ርካሽ ነው፤ በረዶ ሲመታው ግን ይሰረጉዳል። እኔ ባለ 28 ገዛሁ። ከሥሩ ቺፑድ ኮርኒስ አስመታሁ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በእኛ ብርድ ሌሊት ከውስጥ ያልባል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ያ ሁሉ ጠብታ አልጋ ላይ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጭቃው ልምጣ። የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ተቆፈረ። አፈሩ እዚያ ተደፋ፣ ውሃ ተጨመረ፣ የጤፍ ጭድ ገባበት። በእኛ ዙሪያ የገብስና የስንዴ ጭድ ሞልቷል፤ ጤፉ ግን ከምንጃር በኩል በመኪና መጣ። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ጭቃው ውስጥ እንደ ክር ሆኖ ይይዘዋል፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ። ከዚያ ማቡካት ነው። ቃሉ ልክ እንደ ሊጡ ነው፤ ነገሩም እንደ ሊጡ ነው። በየሁለት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ በእግር ይረገጣል። 3 ሳምንት ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት አፈር አፈር ይላል። በሁለተኛው መሽተት ይጀምራል። በሦስተኛው ጭዱ ይለሰልስና ጭቃው ይጠቁራል፤ ሙልጭልጭ ይላል። ጋሼ አንድ እፍኝ አንስተው አድበልብለው ግድግዳው ላይ ወረወሩት። ተጣብቆ ቀረ። «ቦካ» አሉ።

ምርጊቱ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ሆነ። ለቀን ሠራተኛ ከፍዬ ማስመረግ እችል ነበር። እማዬ እምቢ አለች። «ጭቃ ደቦ ነው» አለች። ሁዳዴ ነበርና ሽሮ ሠራች፣ ንፍሮ ቀቀለች፣ ጠላ ጠመቀች። 20 ሰው መጣ። ወንዶቹ ጭቃውን በባሬላ ያመላልሳሉ። ሴቶችና ልጆች ይመርጋሉ። ጭቃው በማገሩ መካከል በውስጥም በውጭም በአንድ ጊዜ ይጠቀጠቃል፤ እኔ ከውስጥ፣ እትዬ ከውጭ። ግድግዳው ገና ስላልሞላ በቀዳዳው እንተያያለን። አንድ ጊዜ ስገፋ እጄ ከእጇ ጋር ጭቃው ውስጥ ተገናኘ። ያዝ አድርጋኝ «በርቺ» አለችኝና ለቀቀችኝ። ከዚያ ቀዳዳው ተደፈነ። ያቺ ቦታ ከመስኮቱ በስተግራ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። ሌላ ሰው አያውቃትም። እኔ አውቃታለሁ።

ከዚያ ያጠፋሁት ይመጣል። ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቅም አለበት። ጨርሶ ደርቆ ስንጥቁ ሲያበቃ ነው ልስኑ የሚመጣው። ጋሼ ቢያንስ አንድ ወር ጠብቂ ብለውኛል። እሳቸው ለሌላ ሥራ ወደ ገጠር ሄዱ። እኔ ከሰኔ በፊት ለመግባት ጓጉቻለሁ። በ11ኛው ቀን አንድ ልጅ ይዤ መለሰን ጀመርኩ። ከላይ ሲያዩት ያምራል። በ5ኛው ሌሊት ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። እንጀራ የሚያክል ልስን መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጠዋት አንኳኳሁት፤ ግማሹ ግድግዳ ባዶ ባዶ ይላል። ሥሩ እርጥብ ነበርና አልያዘውም። ጋሼ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። አካፋ አነሱና ከእኔ ጋር ፋቁት። ፍቆ ለመጨረስ ሁለት ቀን ወሰደብን። ሁለተኛው ልስን በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከላም እበትና ከደቃቅ ጭድ ተሠርቶ፣ እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለውም።

ስለ ቆጡ ልንገራችሁ። በአሜሪካኖቹ ቤት አልጋው ከላይ፣ ቆጡ ላይ ነው፤ በመሰላል ይወጣሉ። እኔም እንደዚያ ሣልኩ። እማዬ «ቆጥ ላይ ዶሮ እንጂ ሰው ይተኛል?» አለች። እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነበር። ብርድ አገር ነው፤ ከሰል ይቀጣጠላል። ትንሽ ቤት ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይታፈናል። ከሰል የሚገድለው በጭሱ ብቻ አይደለም። ጭሱ ካለቀ በኋላም፣ ፍሙ ቀልቶ ምንም የማይሸት ሲመስል እንኳ ይገድላል። ቤት ዘግተው ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ታሪክ ያልሰማ የለም። ሰፊ ቤት ውስጥ ሰው አንዳንዴ ቢያመልጥ አየሩም ስንጥቁም ስለሚበዛ ነው። የእኔ ቤት ስንጥቅ የለውም። በጥንቃቄ በተሠራ 16 ካሬ ከሰል አይገባም፤ በቃ። አልጋዬን ታች አደረግሁ። ከሥሩ ሣጥን አለው፤ ልብሴ እዚያ ነው። ቆጡ ለመጽሐፍና ለሻንጣ ቀረ። ምግቤን በእማዬ ማዕድ ቤት እሠራለሁ። ቡናውስ? ቡናው ታዛ ላይ ወጣ። ከሰሉም አብሮት።

ታዛው ላይ የመጨረሻው ሥራ መደቡ ነበር። ከድንጋይና ከዚያው ጭቃ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት። ከበሩ እስከ ጥጉ ይሄዳል። አያቶቻችን ወንበር አይገዙም ነበር፤ ከግድግዳው ጋር አብረው ይሠሩት ነበር። ውስጥ እንዲህ ዓይነት መደብ አልሠራሁም። ከሥሩ ዕቃ አይገባበትም፤ በጠባብ ቤት ያ ትልቅ ኪሳራ ነው። ደጅ ግን ከመደብ የሚሻል መቀመጫ አላየሁም። ዝናብ አይፈራም፣ ማንም ተሸክሞት አይሄድም፣ ጠዋት የጠጣውን ፀሐይ እስከ ከሰዓት ይዞ ይቆያል።

ግንቦት ላይ ገባሁ።

ሰኔ 21 የእማዬ የማርያም ማኅበር ነበር፤ ተራው የእሷ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ማኅበርተኞቹ ሳሎን ሞልተዋል። ከማኅበሩ ውጭም ሰው መጣ፣ የመጣ ሰው ደግሞ አይመለስም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትርፉ ግቢው ውስጥ ወንበር ይዘረጋለት ነበር። 8 ሰዓት ገደማ በረዶው መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም። ግቢ ውስጥ የነበሩት ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወደ ታዛዬ ሮጡ። ስምንቱ መደቡ ላይ ተጠጋጉ። ሌሎቹ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ልጆቹ መሬት። ቆጠርኳቸው፤ 15 ናቸው። በረዶው ክፈፉ ጫፍ ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ከውስጥ ማንም አልረጠበም።

እማዬ ካፖርት ደርባ የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ ከሳሎን በዝናቡ መጣች። ታዛው ሥር ቆማ ዙሪያውን አየች። የእኔ በር ክፍት ነው፤ ውስጥ ማንም የለም። አልጋዬ ተነጥፏል። ደጁ ግን ሙሉ ነው። ሰፌዱን ሰጠችኝና «ለሰው አዳርሺ» አለችኝ።

አሁን ኅዳር ነው። ጠዋት ስነሳ መስኮቱ ላይ ውርጭ አለ። በሬን ስከፍት እማዬ ቀድማኝ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ባቄላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትለቅማለች። ፀሐይዋ እግሯ ላይ ደርሳለች። ድመቷ አጠገቧ ናት። የግቢው በር ይንኳኳል፣ እትዬ ናት። «አልገባም፣ ቸኩያለሁ» ትላለች ገና ከሩቅ።

እማዬ ወደ እኔ ትዞራለች።

«ጠጋ በይ» ትለኛለች፣ ባቄላውን ወደ ጎን እያደረገች።